ቴሌሜትሪ ምንድን ነው?

ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው አንገቱን ትንሽ ዘንበል ካደረገ ብዙ ነገር ያያል። ነዳጁ ስንት እንደቀረ፣ ሞተሩ ሞቆ እንደሆነ፣ ባትሪው እየሞላ እንደሆነ። አሁን ያን ሚኒባስ 1,450 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ስቀሉት። ጎኑ ተቀምጦ ጌጁን የሚያይለት የለም። ስለዚህ ራሱ እያነበበ በራዲዮ መናገር አለበት። ቴሌሜትሪ ይሄ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን "ከሩቅ መለካት" እንደማለት ነው።

ቴሌሜትሪ የግድ ቁጥር መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1961 የመጀመሪያው የአማተር ራዲዮ ሳተላይት ኦስካር 1 ሲመጥቅ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር። በሞርስ፣ ማለትም ፊደላትን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚገልጸው ኮድ፣ "ሃይ" ይላል፣ ደግሞ "ሃይ" ይላል። ግን ሰውነቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሰላምታው ፍጥነት ይለወጣል። ሰዓት ይዞ የቆጠረ ሰው የሳተላይቱን ትኩሳት ለካ ማለት ነው።

ለእኔ ግን ቴሌሜትሪን ከሁሉ የበለጠ የሚያስረዳው ሽማግሌው ኦስካር 7 ነው። አማተር ራዲዮ ማለት ፈቃድ አውጥተው፣ ሳንቲም ሳያገኙበት፣ ለፍቅሩ ብቻ በራዲዮ የሚገናኙ ሰዎች ሥራ ነው። አምሳት የሚባለው ማኅበራቸው የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የምዕራብ ጀርመንና የአውስትራሊያ ሰዎችን አስተባብሮ ሠራው። ክብደቱ 29 ኪሎ ገደማ ነው፤ ግማሽ ኩንታል እንኳ አይሞላም። ኖቬምበር 15 ቀን 1974፣ በእኛ ኅዳር 6 ቀን 1967፣ አንድ የአየር ትንበያ ሳተላይት በጫነ ሮኬት ተደርቦ ከካሊፎርኒያ ወጣ።

ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1981 አጋማሽ ባትሪው ኮንታክት ፈጠረና ዝም አለ። ሶላሩ የሚያመነጨውን ሁሉ የተበላሸው ባትሪ እየዋጠ ሌላው ክፍል ጦሙን አደረ። ሞቷል ተባለ፤ ተረሳም።

ጁን 21 ቀን 2002 እንግሊዝ አገር አንድ አማተር የማያውቀውን የሞርስ ድምፅ ሰማ። ሲጣራ ኦስካር 7 ሆኖ ተገኘ። ከ21 ዓመት በኋላ! የሆነው ነገር ቀላል ነው። ኮንታክት የፈጠረው ባትሪ በስተመጨረሻ ውስጡ ተበጠሰ። ያ ሲሆን የሶላሩ ኃይል የሚያፈስበት ቀዳዳ ተዘጋና በቀጥታ ወደ ራዲዮው ገባ። መጀመሪያ የገደለው ብልሽት ሌላ ብልሽት ሲጨመርበት ነፍስ ዘራበት።

ቴሌሜትሪው ዛሬም እንደ ድሮው ነው። "ሃይ ሃይ" ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮች ይመጣሉ፤ በስድስት መስመር፣ በየመስመሩ አራት፣ ጠቅላላ 24። የመጀመሪያው አሃዝ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለን ይነግራል። ቀሪዎቹ ሁለቱ ልኬቱ ናቸው። ሠሪዎቹ ባወጡት ቀመር ሲሰሉ ቮልት ወይም የሙቀት መጠን ወይም ሌላ ነገር ይሆናሉ። ኮምፒውተር አያስፈልግም። ሞርስ የሚችል ጆሮ፣ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ድምፁን ለመያዝ ግን ተራ ኤፍኤም ራዲዮ አይሆንም፤ ሞርስ የሚቀበል ራዲዮ ያስፈልጋል። ሳተላይቱ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንዱ ላይ ሲሆን 145.97 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ሌላው ላይ ሲሆን ደግሞ 29.5 አካባቢ ይሰማል። ቦታውም ባለበት አይቆይም። ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል፤ አምቡላንስ አጠገባችን ሲያልፍ እንደሚሆነው። 145 ላይ የሚያዳምጥ ሰው በአንድ ማለፊያ፣ ማለትም ሳተላይቱ ከአድማስ ወጥቶ እስኪጠልቅ፣ እስከ ስድስት ኪሎኸርዝ ድረስ ራዲዮውን እየነካካ መከተል አለበት። ማለፊያው ሲበዛ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው።

አሁን ባትሪ የለውም። የምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል፤ ፀሐይ ሲያገኝ እንደገና ከዜሮ ይነሳል። በየትኛው አሠራር እንደሚነሳ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ለሳምንታት ጥላ ሳይነካው ሲቀር ግን ውስጡ ያለው ሰዓት ይሠራል፤ በየ24 ሰዓቱ ከአንዱ አሠራር ወደ ሌላው ይቀይረዋል። ስለዚህ የሚከታተሉት ሰዎች የሚመዘግቡት ቁጥሩን ብቻ አይደለም። በስንት ሰዓት፣ በየትኛው አሠራር እንደተሰማም ይጽፋሉ። "ጠበቅኩት፣ አልተሰማም" የሚለውም ራሱ ቴሌሜትሪ ነው።

ድምፁም ይናገራል። ሳተላይቱ የሰዎችን ንግግር ተቀብሎ መልሶ ያሰራጫል። አንዱ ኃይለኛ አስተላላፊ ይዞ ሲጮህበት ያቺ የፀሐይ ኃይል ታንሳለች፤ ቮልቱ ይወርዳል፣ የሁሉም ሰው ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ሲብስ ጭራሽ ይጠፋል። ልምድ ያለው አድማጭ ያን መንቀጥቀጥ ሲሰማ ቁጥር አይጠብቅም። የራሱን አስተላላፊ ኃይል ቀንሶ ሌላውም እንዲቀንስ ይለምናል።