ገነት፣ ጀነት፣ ፊርደውስ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ይሰማል። አንዷ እናት «ነፍሱን በገነት ያኑርልን» ሲሉ፣ አጠገባቸው ያሉት «አላህ ጀነተል ፊርደውስን (የጀነትን ከፍተኛ ደረጃ) ይወፍቀው» ይላሉ። በሃይማኖት ትርጓሜው ይለያይ እንጂ በቃልነታቸው ገነትም ጀነትም ያው የአትክልት ቦታ ናቸው፤ ከአንድ ሴማዊ ሥር የበቀሉ።

የፊርደውስ መንገድ ይረዝማል። መነሻው የጥንት ኢራናውያን ቃል ነው፤ በግንብ የታጠረ ቦታ ማለት ነበር። ግሪካዊው ጸሐፊ ዜኖፎን የፋርስ ነገሥታትን መናፈሻ «ፓራዴይሶስ» ብሎ ጠራበት። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንትም ቃሉን ለኤደን ገነት ሰጡት። ፈረንጆቹ ፓራዳይዝ የሚሉት ከዚያው የመጣ ነው። የንጉሥ ጓሮ አጥር እንዲህ ሰማይ ወጣ!

ኤሊሲየምን፣ የጥንት ግሪኮች የተመረጡ ጀግኖች የሚኖሩበት ያሉትን የደስታ ስፍራ፣ ከነዚህ ጋር መቀላቀል ግን ስሕተት ነው። የግሪኮቹ ኤሊሲየም ሜዳ እንጂ አትክልት አይደለም፤ በጥንቱ ትረካ በር የሚከፍተውም ጽድቅ አይደለም። በባለቅኔው ሆሜር ኦዲሲ የስፓርታው ንጉሥ ሜኔላዎስ እዚያ እንደሚገባ የተነገረው የዜውስን ልጅ ሄለንን አግብቶ የአማልክቱ ንጉሥ አማች ስለሆነ ነው። በዘመድ መግባት እዚያም ነበር ለካ! ሜዳው በረዶም ዶፍም የለበትም ይባላል፤ የጦሳ ተራራን ጉምና ብርድ ለለመደ ደሴዬ ይኼ ብቻውን ያጓጓል።