«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፦ ዝናብ ሲቀር ማን ይጠየቃል?

ሹም በደለኝ ብሎ አቤቱታ የሚያጽፍ ሰው ባለበት ሁሉ «ተው ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። መልእክቱ አጭር ነው። ሞፈርና ቀንበርህን ተሸክመህ ሰማይ ላይ አትወጣም። ንጉሥንም ዳኛ ፊት አታቆምም። ስለዚህ የማይሆን ነገር አትጀምር፤ ጉልበትህን ቆጥብና ወደ ቤትህ ግባ።

ንጉሥ ከቀረ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፎታል። አባባሉ ግን ሥራ አልፈታም። ለሚኒስትርም፣ ለመሥሪያ ቤት አለቃም፣ ለቤት አከራይም ይባላል። በቀልድ ለአማትም ሲባል ሰምቻለሁ።

አባባሉ የገበሬና የቤተ መንግሥት ዓለም ልጅ ነው። የገበሬው ኑሮ የተንጠለጠለው በሁለት ነገር ላይ ነበር፤ በዝናብና በግብር። ዝናቡን ሰማይ ይሰጣል ወይም ይነሳል። ግብሩን ንጉሥ ይጥላል ወይም ይምራል። ዝናብ ሲጠፋ ምህላ ይያዛል፣ ታቦት ይወጣል፣ «እግዚኦ» ይባላል። ግብር ሲከብድ «አቤት» ይባላል። ሁለቱም ልመና ናቸው፤ ክስ አይደሉም። ገበሬው ጭቃ ሹሙን፣ ምስለኔውን፣ አቅሙ ከፈቀደ አገረ ገዢውንም እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ሄዶ ሊከስ ይችል ነበር። ዙፋኑ ላይ የተቀመጠውን ግን ለማን ይከሳል? ንጉሡ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ነው። የሾመው ሰማይ ነው።

ይህ ነገር በኋላ ሕግ ሆኖ ተጻፈ። የ1923ቱም የ1948ቱም ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም ክርክር የማይነሳበት መሆኑን ደነገጉ። የተረቱ ግማሽ አንቀጽ ሆነ ማለት ነው። ለሰማዩ ግን አዋጅ አልወጣለትም።

አባባሉ ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸው ሁለቱም የማይደረስባቸው ስለሆኑ ነው። ታሪካችን ውስጥ ግን ከዚያ በላይ ተቆራኝተዋል። ያጠፋው ሰማይ፣ የሚጠየቀው ንጉሥ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን «ክፉ ቀን» እናንሳ። የጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ባስገባቸው ከብቶች የገባው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ። በሬ የሌለው ገበሬ ማሳው ጦም አደረ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረው አሳይተዋል ይባላል፤ በእጅ መቆፈር ነውር እንዳይመስል። በዚያው መሀል፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በረሃብ የደከመውና ባላባቶቹ የሚፋጁበት የሰሜን ደጋ ጣሊያንን የሚመክትበት አቅም አልነበረውም። ጣሊያን አስመራን ያዘ። በ1882 ዓ.ም. «ኤርትራ» የሚል ቅኝ ግዛት አወጀ። ድርቅ ብቻውን ድንበር አይቀይርም። በዚያን ጊዜ ግን ለቀየሩት ሰዎች በሩን ከፍቶላቸዋል።

አባባሉን በትክክል የሰበረው ግን የወሎው ረሃብ ነው።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ ዝናብ ተጓደለ። ሰው ከቀዬው ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ወረደ፤ አውቶቡስ እያስቆመ ምጽዋት ለመነ። በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። መንግሥት ዝም አለ። ይባስ ብሎም ሊሸፍነው ሞከረ። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ይህንን ረሃብ መርምሮ ያገኘው ነገር ብዙ ሰው የሚጠብቀው አልነበረም። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አላነሰም። ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው እምብዛም አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር። ያለቀው የገበሬው ኪስ ነው። ማሳው ሲደርቅበት የሚበላውም የሚሸጠውም አጣ፤ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ይምጣ?

የአፋሩ ነገር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። አፋር ድርቅን ድሮም ያውቀዋል። በበጋ የሚሸሽበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ ነበረው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያ ዳርቻ ለሰፋፊ የጥጥ እርሻ ተሰጠ። ድርቁ ሲመጣ መሸሻው ታጥሮ ነበር። የተረፈችው ግጦሽ ጠባብ ናት፤ በሌላ በኩል የኢሳ አርብቶ አደርም ከብቱን ይዞ ይመጣል። እዚያ አካባቢ እስከ ዛሬ የሚሰማውን ተኩስ «የጎሳ ግጭት» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። መሬቱን ማን ለማን እንደ ሰጠ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ጥቅምት 1966 ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ የቀረጸው ፊልም እንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ጥር ላይ ነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች አመፁ። ምክንያታቸው ምግብና ውኃ ነበር። የተራ ወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹም ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም አሉ። ነገሩን ሊያጣራ የመጣውን ጄኔራል ይዘው የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። የካቲት ላይ የነዳጅ ዋጋ ጨምሮ ታክሲዎች ቆሙ፣ መምህራንም ሥራ አቆሙ። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። የወሎው ድርቅ የነገሌውን ፓምፕ አላበላሸም፤ የነዳጁም ዋጋ የናረው በአረብና በእስራኤል ጦርነት ሰበብ ነው። ሁሉም የተገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የተራበ ሲጮህ የማይሰማ ቤተ መንግሥት ላይ።

የእንቁጣጣሽ ማታ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ያንን የረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። የወሎን አጽም የመሰሉ ሰዎች ከቤተ መንግሥት ግብዣና ሥጋ ከሚበሉ ውሾች ጋር እያፈራረቀ ቆርጦ ቀጥሎት ነበር። በነጋታው መኮንኖች መጥተው ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የመውረጃውን አዋጅ አነበቡላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። የወሎን ጉዳይ የሚመረምር ኮሚሽንም ተቋቁሞ ነበር። የማይከሰሰው ተከሰሰ። የክሱ ርዕስ ደግሞ «ለምን ዝናብ ጠፋ» አልነበረም። «ለምን ደበቅከው» ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ደርግም ከዚህ አልተማረም። በ1977 መስከረም ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር ሰሜኑ ይረግፍ ነበር። ድርቁ ከባድ የነበረበትና ጦሩ ዘመቻ የከፈተበት አገር በአብዛኛው አንድ ነው፤ ትግራይና ሰሜን ወሎ። ገበያ ሲቃጠል፣ መንገድ ሲዘጋ፣ እህል የጦር መሣሪያ ሲሆን ድርቁ ወደ እልቂት ተለወጠ። ስድስት ዓመት ቆይቶ የደርግም ቀን መሸ።

ከእኛ ምዕራብ ያለውን የሱዳኑን ዳርፉርን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1985 አሌክስ ደ ዋል የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሼክ ሂላል የተባሉ አረጋዊ የአረብ ግመል አርቢዎች መሪን አነጋግሮ ነበር። ሼኩ ዓለም እንደ ተዛባ ነገሩት። አሸዋው ግጦሹን ሸፈነው፤ ድሮ በእንግድነት የሚቀበሏቸው ገበሬዎችም አሁን መንገዱን ይዘጉባቸው ጀመር። መሬቱ ለአራሹም ለአርቢውም አልበቃም። የእኚህ ሰው ልጅ ሙሳ ሂላል ነው፤ ዓለም በጃንጃዊድ ሚሊሻ መሪነት የሚያውቀው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን የዳርፉር ጦርነት መነሻ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው ብለው ጻፉ። ሐሳቡ እውነት አለበት፤ ግን ቶሎ ሊያስቱን ከሚችሉ እውነቶች አንዱ ነው። ዝናቡ የቀነሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው። ጦርነቱ የተነሳው በ2003። በመሀል ምን ሆነ? ቀድሞ በ1971 የኒሜሪ መንግሥት በመሬትና በውኃ የሚጣሉትን የሚያስታርቀውን የባህላዊ አስተዳደር አፈረሰው። ከዚያ በኋላ የመጣው የካርቱም መንግሥት ደግሞ አንዱን ወገን አስታጥቆ በሌላው ላይ ለቀቀ። ድርቁ ጠብ ፈጠረ እንበል። ጠቡን ወደ እልቂት የለወጠው ግን መንግሥት ነው። «ዝናብ ነው ጥፋቱ» የሚል መልስ ለካርቱም ምንኛ ይመቻት ነበር! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ምርምሩም ወደዚያው ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የግጭት አጥኚዎችን ግምት ሰብስቦ ነበር። ባለፈው መቶ ዓመት በአገር ውስጥ ለተነሱ የትጥቅ ግጭቶች የአየር ንብረት ድርሻ ከ3 እስከ 20 በመቶ እንደሚሆን ገመቱ። ድህነት፣ ደካማ መንግሥትና በወገን መካከል ያለ ልዩነት ከዚያ ይበልጣሉ። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ግን የዚያ ድርሻ እየከበደ እንደሚሄድ ይስማማሉ። ሃያ በመቶ ትንሽ አይደለም። ሰማንያው የማን እንደ ሆነ ግን አንርሳ።

የአባባሉ የመጀመሪያ ግማሽስ? ሰማይ በእርግጥ አይታረስም? ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከሚሊዮን የአየር እጅ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ሰማይ ታርሷል፤ ያረሱት ግን ሌሎች ናቸው። መላው አፍሪካ ከዓለም የጭስ ልቀት ያለው ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። መከራውን የሚያጭደው ግን ቦረና ነው፣ ሶማሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ቀሩ። የአየር ጠባይ ክስተቶችን የሚመረምሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ የዓለም ሙቀት መጨመር ይህን መሰሉን ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው ገልጸዋል።

ቦረና ላይ አንድ የማደንቀው ነገር አለ። ጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ላይ ውኃ የሚቀዳው በተራ ነው። ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣ ይታወቃል። ደረቅ አገር ሁሉ የጦርነት አገር የማይሆነው እንዲህ ያለ ሥርዓት ስላለ ነው። ዳርፉር ላይ የፈረሰውም የዚህ ወንድም ነው። የወረዳና የክልል ወሰን እዚህ ጉድጓድና ግጦሽ መሀል ሲገባ፣ ከዚያም ድርቁ ሲደጋገም፣ ሥርዓቱ ይጨነቃል። ሞያሌ አካባቢ በቦረናና በገሪ መካከል ደጋግሞ የፈሰሰውን ደም ስናስብ ሰማዩንም ካርታውንም ማየት አለብን።

«ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው በሌላ አቅጣጫም እየተሸረሸረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር ሥልጣን ላይ እያሉ በዳርፉር ጉዳይ የእስር ማዘዣ አወጣባቸው። ሥልጣን ላይ ባለ መሪ ላይ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ከወንበራቸው ያወረዳቸው ግን ፍርድ ቤቱ አይደለም። የዳቦ ዋጋ ሲጨምር የተነሳ ሕዝብና የራሳቸው ጄኔራሎች ናቸው። በ2019 መጨረሻ ደግሞ የኔዘርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥት የጭስ ልቀቱን ከ1990ው መጠን ቢያንስ 25 በመቶ እንዲቀንስ የተወሰነበትን ፍርድ አጸና። ከሳሾቹ የራሱ ዜጎች ናቸው። ኔዘርላንድ እስከ ዛሬ በንጉሥ የምትመራ አገር መሆኗን ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 ላይ፣ ቫኑዋቱ የምትባል ትንሽ የደሴት አገር በጀመረችው ጥረት፣ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት መንግሥታት የአየር ንብረትን ከጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው አለ። ጥሰው ከተገኙ ካሳ ሊያስከትል እንደሚችልም ገለጸ። ሦስቱም ችሎቶች የተቀመጡት አንድ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሄግ።

የመጨረሻው ግን የምክር አስተያየት ነው፤ አስገድዶ የሚያስከፍል የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ፣ በአየር ንብረት ለውጥ ለደረሰ ጉዳት እንዲቋቋም የተወሰነው ፈንድም እስካሁን ቃል የተገባለት ከጉዳቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ቢመጣም በአብዛኛው የሚያልፈው በመንግሥታት እጅ ነው። ከብቱ ያለቀበት የቦረና ሰው «ድርሻዬ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀው ሄግ ድረስ ሄዶ አይደለም። ያቤሎ ነው።