ቆዳን በፊኛ ማስፋት፦ ለቃጠሎ ጠባሳ የሚሰጥ ሕክምና

በጎጃም ገጠር ምድጃው መሬት ላይ ነው። ሕፃን ሲድህ ይገባበታል፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ይወድቅበታል። ቁስሉ ቢድንም ጠባሳው አይለቅም። ራስ ላይ ከሆነ ደግሞ ፀጉር አያበቅልም። እንዲህ ያለች ልጅ ሹሩባ መሠራት ያምራታል፤ ሻሽ ግን ከራሷ አይወርድም።

ከጭን ተወስዶ የሚለጠፍ ቆዳ ቁስል ይሸፍናል እንጂ የራስ ፀጉር አይሰጥም። ስለዚህ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሙ ከጠባሳው አጠገብ ባለው ጤነኛ ቆዳ ሥር ባዶ የሲሊኮን ፊኛ ይቀብራል። ስፌቱ ከጠገገ በኋላ በየሳምንቱ ገደማ በቀጭን መርፌ ንጹሕ የጨው ውሃ ይጨመርበታል። ቆዳው ሲወጠር ሐኪሙ በጣት ተጭኖ ደም ቶሎ መመለሱን ያያል። ካልተመለሰ፣ ወይም ሕመሙ ከበረታ፣ ጥቂት ውሃ መልሶ ይቀዳል። የእርጉዝ ሆድ ቆዳ ቀስ እያለ እንደሚሰፋ ሁሉ ይህም ይሰፋል።

አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ ፊኛው ይወጣል፣ ጠባሳው ተቆርጦ ይነሳል፣ የሰፋው ቆዳ ተስቦ ቦታውን ይሸፍናል። አዲስ ፀጉር አይፈጠርም፤ ያለው ነው ተሰራጭቶ የሚዳረሰው። የራስ ቆዳ ግማሽ ያህሉ ቢጎዳ እንኳ የቀረው ሊሸፍነው ይችላል።

ዘዴውን በ1957 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ኑማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጆሮ መልሶ ለመሥራት ተጠቀመበት። በ1970ዎቹ ራዶቫን የተባለ ሐኪም በካንሰር ምክንያት የወጣ ጡትን ለመተካት አዋለው።

ለጎጃም ሰው ከባዱ መመላለሱ ነው። በቃጠሎ ሕክምና የሚታወቀው የካቲት 12 ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መሐሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። በየሳምንቱ ይህን መንገድ የሚችለው ስንት ገበሬ ነው? ፊኛውን መቅበር የስፔሻሊስት ሥራ ነው። ውሃ መጨመሩን ግን የሠለጠነ ነርስ በሐኪሙ መመሪያ ሊሠራው ይችላል። ይህ በአቅራቢያ ሆስፒታል ቢደረግ ብዙ ቤተሰብ ከመመላለስ ይተርፋል ብዬ አምናለሁ። ጊዜው አጣዳፊ ስላልሆነም አዝመራ ከገባ በኋላ መጀመር ይቻላል።

ፊኛው እስኪወጣ ራስ ማበጡ አይቀርም፤ ጎረቤትም ይጠይቃል። ልጅቷ በራሷ ሸክም አትሸከም፣ ከመውደቅም ትጠበቅ። ቦታው ከጋለ፣ መግል ካወጣ ወይም ፊኛው ቆዳውን ቀዶ ብቅ ካለ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።