«ዓ.ም.» ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ሰነድ የሚያስተረጉም ሰው የትውልድ ቀኑን ሲናገር «በኢሲ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነው በጂሲ (በፈረንጆች)?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ 1990 የሚል ቁጥር ብቻውን ዓመቱን አይለይም። የሚለየው ከኋላው የሚከተለው ምልክት ነው።

ዓ.ም. የ«ዓመተ ምሕረት» ምህጻረ ቃል ነው። ስሙ የሚገባን ከፊቱ ካለው ከዓመተ ፍዳ ጋር ስናነበው ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አዳም ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ተስፋ ተሰጠው፤ በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ስለሆነ ይህ 5500 ዓመት ይሆናል። ያ ዘመን ዓመተ ፍዳ (ዓመተ ኩነኔም ይባላል)፣ ከጌታ ልደት ወዲህ ያለው ደግሞ ዓመተ ምሕረት ተባለ። የሁለቱ ድምር ዓመተ ዓለም ነው።

ይህ ድምር የዓመቱን ወንጌላዊና የእንቁጣጣሽን ዕለት ለማወቅ ዛሬም በየዓመቱ ሥራ ላይ ይውላል። 2018ን እንውሰድ፦ 5500 ሲጨመርበት 7518፤ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ድርሻው 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። ከ7518 ጋር ተደምሮ 9397 ሲሆን ለ7 ተካፍሎ 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ስለሚሄድ የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ ማለት ነው። 5500ውን ረስቶ በ2018 ብቻ ያሰላ ሰው ወንጌላዊውን አይስትም፤ 5500 ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላልና። ዕለቱን ግን በአንድ ቀን ይስታል፣ ረቡዕ ይለዋል። ግማሹ ትክክል ስለሚወጣ ስህተቱ ቶሎ አይታይም።

ፈረንጆቹም ከክርስቶስ ልደት ነው የሚቆጥሩት፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ዲዮናስዮስ የሚባል መነኩሴ በ525 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የፋሲካ ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ፣ እስከዚያ ይሠራበት የነበረው ቆጠራ ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥና የሚነሣ ነበር። ክርስቲያኖችን ያሳደደ ንጉሥ ስም እንዲቀጥል አልወደደም፤ ከዲዮቅልጥያኖስ 247ኛ ዓመት ቀጥሎ 532 ዓመተ እግዚእ ብሎ ጻፈ። የእኛ አቆጣጠር ግን የእስክንድርያን ስሌት ተከተለ፤ በዚህኛው ልደቱ ዘግይቶ ስለሚውል ቁጥራችን ያንሳል። ግብጾች ያንኑ የዲዮቅልጥያኖስን ዘመን ዓመተ ሰማዕታት ብለው ይዘውታል፤ ከዓ.ም. 276 ሲቀነስ ይገኛል።

ልዩነቱ ሁሌ 8 አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ በዓ.ም. ላይ 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ፣ ጃንዋሪ ስለሚገባ፣ 8። በዘመነ ዮሐንስ ድንበሩ በአንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል፣ ያለፈው ጳጉሜን 6 ቀን ነበረና። ኅዳር 14 ቀን 1990 ኖቬምበር 23 ቀን 1997 ሲሆን፣ ጥር 14 ቀን 1990 ግን ጃንዋሪ 22 ቀን 1998 ነው። ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ወሩንና ቀኑን እንዳለ የሚተው ሰው ደግሞ ጥፋቱ ይብሳል።

ምልክት ማዛነፍ ታሪክም ያዛንፋል። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመው የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ያረፉት በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። «በ1932 ዓ.ም.» ተብሎ ከተጻፈ በጣሊያን ወረራ ዘመን እንደሞቱ ይነበባል፤ ወረራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነበርና። እሳቸው ግን ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አልፈዋል።

እ.ኤ.አ. «እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር» ነው፤ እ.አ.አ. ብሎ በ«አውሮፓ» የሚጽፍም አለ፣ ያው ነው። ከልደት በፊት ላለው ቅ.ል.ክ. (ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) ይሻላል። አንዳንዱ ለዚህ ዓ.ዓ. ይጽፋል፣ ግን ዓመተ ዓለም ከፍጥረት ወደ ፊት የሚቆጥር እንጂ ከልደት ወደ ኋላ የሚቆጥር ስላልሆነ ግራ ያጋባል። ዓ.ሂ. ዓመተ ሂጅራ ነው፤ ከ622 እ.ኤ.አ. ይነሣል፣ በጨረቃ ስለሚሄድ ቋሚ ቁጥር በመቀነስ አይመለስም።

የብራና መጽሐፍ ለሚያነብ ሌላ ወጥመድ አለ። ጥንት ዓመተ ምሕረት በየ532 ዓመቱ፣ ማለትም በየዐቢይ ቀመሩ፣ እንደገና ከአንድ ይጀመር ነበር። አንዱ ዙር የገባው ዛሬ በምንቆጥረው በ1341 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዙር የተጻፈ «፸፯ (77) ዓመተ ምሕረት» ዛሬ በምንቆጥረው 1417 ዓ.ም. ነው።