ሲኒየር ጌምስ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ጁሊያ ሃውኪንስ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ መቶ ሜትር ሮጡ። ዕድሜያቸው 105 ነበር። በ1 ደቂቃ ከ2.95 ሰከንድ ገቡ። በዚያ ዕድሜ ምድብ ክብረ ወሰን ያስመዘገበች ሴት ከእሳቸው በፊት አልነበረችም። እሳቸው ግን ቅር አላቸው። ከአንድ ደቂቃ በታች መግባት ነበር የፈለጉት።

የሮጡት በሉዊዚያና ሲኒየር ጌምስ ላይ ነው። ሲኒየር ጌምስ 50 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የሚወዳደሩበት ውድድር ነው። ከሰፈርና ከካውንቲ ይጀምራል፣ ወደ ስቴት ያድጋል፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አገር አቀፍ ውድድር ይደረጋል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ውድድር በ1987 ሴንት ሉዊስ ላይ ሲካሄድ 2,500 ያህል ሰው ተሳትፏል። በ2019 አልበከርኪ ላይ ግን ከ13,000 በላይ ሆነዋል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የዕድሜ አከፋፈሉ ነው። ሰው የሚወዳደረው ከእኩዮቹ ጋር ብቻ ነው። ምድቡ በየአምስት ዓመቱ ይቀየራል፤ ከ50 እስከ 54፣ ከ55 እስከ 59 እያለ ከመቶ በላይ ድረስ ይሄዳል። እንግዲህ የ69 ዓመቱን ሰው አስቡት። በምድቡ ውስጥ ትልቁ እሱ ነው፤ የ65 ዓመቶቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ሰባ ሲሞላው ደግሞ በአዲሱ ምድብ ትንሹ ልጅ ይሆናል! ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ የልደት ቀናቸውን በጉጉት ነው የሚጠብቁት። እርጅናን እንደዚህ በናፍቆት የሚያስጠብቅ ሌላ ነገር አላውቅም።

ሩጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋና አለ፣ ብስክሌት አለ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ አለ፣ አሁን በየፓርኩ የምታዩት፣ ቴኒስ የሚመስለው ፒክልቦልም አለ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቆሞ ቅርጫት ኳስ መወርወር ይችላል።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጥበቡም አብሮ ይገባል። ኖርዝ ካሮላይና ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ ከስፖርቱ ጎን ሲልቨር አርትስ የሚባል ውድድር አለ። ሥዕል፣ ፎቶግራፍ፣ ግጥም፣ አጭር ልቦለድ፣ ዘፈንና ጭፈራ በዳኛ ፊት ይቀርባሉ። የእጅ ሥራ የራሱ ዘርፍ አለው። ሸክላ፣ ሽመና፣ የእንጨት ቅርጽ፣ የቅርጫት ሥራ በየራሳቸው ይዳኛሉ።

የቅርጫት ሥራ የሚለውን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ከልጇ ጋር ለመኖር አሜሪካ ከመጣች ቆይታለች። ቀኑን ሙሉ የልጅ ልጅ ትጠብቃለች። ማታ ልጁ ሲተኛ ግን ከአገር ቤት ያስመጣችውን አክርማና ስንደዶ ታወጣለች። ወስፌዋን ትይዝና ሶፋው ጥግ ላይ ትሰፋለች። የመሶቡ ክዳን ላይ ያለው ጥለት አንድም ቦታ አይዛነፍም። ሳታይ በጣቷ ነው የምትቆጥረው። ቤት የመጣ እንግዳ ያደንቃል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ይህ ሥራ በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ፣ አጠገቡ ስሟ ተጽፎ ባየው ምንኛ ደስ ባለኝ።

እንደ እሷ ያሉ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉን። ዋሽንግተን፣ ዳላስ፣ አትላንታ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ቋንቋው አይገባኝም ብለው ከቤት አይወጡም። ሩጫና ስፌት ግን እንግሊዝኛ አይፈልግም። ለመመዝገብ በአቅራቢያችሁ ያለውን ሲኒየር ሴንተር ወይም የከተማውን የፓርክና መዝናኛ ቢሮ ጠይቁ።

ፎርሙን ስትሞሉላቸው አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ ወላጆቻችን መታወቂያቸው ላይ ያለው የልደት ቀን በግምት የተጻፈ ነው። ምድባቸውን የሚወስነው ግን እሱ ነው፤ ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ ስንት እንደሚሞላቸው ይታያል። አክስቴ በወረቀቱ 68 ናት። እሷን ከጠየቃችኋት ግን ሰባን ካለፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ስለዚህ ብትመዘገብ የምትወዳደረው ከታናናሾቿ ጋር ነው። ስነግራት ወስፌዋን ሳታቆም «ይሁን፣ ይምጡ» አለችኝ።