የዜኦላይት ጉባኤዎችና የኮምቦልቻ ጅረቶች

ዜኦላይት በዋናነት ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተገነባ፣ ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ማዕድን ነው። የስዊድኑ የማዕድን አጥኚ አክሰል ክሮንስቴት በ1756 እ.ኤ.አ. ድንጋዩን በእሳት ሲያሞቀው ሲንተከተክ አይቶ ለዓለም አስተዋወቀው። ዛሬ መዋቅራቸው ተለይቶ የተመዘገበ ከ250 በላይ ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን በቤተ ሙከራ የተፈበረኩ ናቸው።

የዘርፉ ተመራማሪዎች በየሦስት ዓመቱ የሚገናኙበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተጀመረ። ዜኦላይት ወደ ነዳጅ ማጣሪያዎች የገባው በዚያው አሥርት ዓመት ስለነበር የኢንዱስትሪው ጥያቄ ጉባኤዎቹን ለረጅም ጊዜ ሳይለቃቸው ቆይቷል። በ1976 እ.ኤ.አ. በአሪዞና፣ ቱሳን የተደረገው ስብሰባ በአንጻሩ ከመሬት ተቆፍሮ ለሚወጣው ዜኦላይት የተሰጠ ነበር። በአውሮፓ ደግሞ ብሔራዊ ማኅበራት በ1995 እ.ኤ.አ. ፌዴሬሽን መሥርተው የየራሳቸውን አነስተኛ ጉባኤ ያካሂዳሉ። ከትልቁ መድረክ ይልቅ እነዚህ ትንንሾቹ ይጠቅማሉ ባይ ነኝ፤ የአንድ ቦታ ዜኦላይት ከሌላው ቦታ ጋር በጠባይ ስለሚለያይ፣ የራስን ድንጋይ በእጁ ይዞ ከሞከረ ጎረቤት ጋር መነጋገርን የሚተካ ነገር የለም።

እንዲህ ያለ አካባቢያዊ ጉባኤ ለምሥራቅ አፍሪካ ቢታሰብ፣ ከደሴ ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ የምታቀርበው ጥያቄ አይቸግራትም። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረትና ቢራ በአንድ ከተማ ተሰብስበዋል፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከተማዋን የሚያቋርጡት ጅረቶች የቦርከናን ወንዝ ይቀላቀላሉ፤ ቦርከና የጨፋን ሜዳ አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በጅረቶቹ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምና ዚንክን የመሳሰሉ ብረቶችን መዝግበዋል።

ዜኦላይት እንዲህ ያሉ ብረቶችን ከፋብሪካ ፍሳሽ ለመያዝ ምን ያህል ያገለግላል? መልሱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የዜኦላይት መዋቅር አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አዎንታዊ ሙል ያላቸውን አዮኖች (ሙል የያዙ ቅንጣቶች) ይስባል፤ በቦታቸውም ሶዲየም ወይም ካልሲየም ይለቃል። ቆዳ የሚለፋበት ባለ ሦስት ሙል ክሮሚየም አዎንታዊ በመሆኑ በመርህ ደረጃ ይያዛል። ይሁን እንጂ ቆዳው ወደ ፋብሪካው የሚመጣው በጨው ታሽቶ ነው፤ የፍሳሹ ሶዲየም ለዚያው ቦታ ይሻማል። ስለዚህ በተጣራ ውሃ ተሞክሮ ያማረ ውጤት በእውነተኛው ፍሳሽ ላይ ሲወርድ ሊያስገርም አይገባም። ክሮሚየሙ ወደ ባለ ስድስቱ፣ ይበልጥ መርዛማ ወደሆነው ዓይነት ከተለወጠ ደግሞ አሉታዊ አዮን ስለሚሆን ያልታከመ ዜኦላይት አይቀበለውም። የጨርቃ ጨርቅ ቀለሞችም ብዙዎቹ አሉታዊ ናቸው፤ በዚያ ላይ ከቀዳዳዎቹ ይገዝፋሉ። ለእነሱ የድንጋዩን ገጽ አስቀድሞ በኬሚካል መለወጥ ያስፈልጋል።

በአገር ውስጥ መነሻ የሚሆን ሥራ አለ። በስምጥ ሸለቆ በአዳማ አካባቢ የተፈጥሮ ዜኦላይት ተጠንቷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከስፔን ባልደረቦቻቸው ጋር ካኦሊን ከሚባለው የኢትዮጵያ ነጭ ሸክላ ለዱቄት ሳሙና የሚሆን ዜኦላይት ሠርተዋል፤ የአገሩን ድንጋይ ከመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ ለማስወገድም ሞክረዋል። ወሎን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰው የደጋው ባዛልት (ከቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የሆነ ጥቁር ድንጋይ) በአረፋ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ዜኦላይት ሊይዝ ይችላል፤ ነጭ ፍሬ ማየት ግን ማዕድን ማውጫ አገኘን ማለት አይደለም። ለኢንዱስትሪ የሚበቃ ክምችት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከተለወጠ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። (በወሎ፣ ደላንታ የሚወጣው ኦፓል የተባለው የጌጥ ድንጋይ ዝና ሰውን በድንጋይ ተስፈኛ አድርጎታል፤ ይህኛው በኪሎ ሳይሆን በቶን የሚፈለግ ነው።)

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ኮምቦልቻ መሆኑ ሙከራውን ከፍሳሹ ጋር ያቀራርበዋል። ለተማሪ የሚመች ሥራም ነው፦ ድንጋዩን መፍጨት፣ መንፋት፣ ማጠብ፣ በጨው ውሃ መዘፍዘፍ፣ ከፍሳሽ ጋር በጠርሙስ ማናወጥ፣ ማጣራት፣ የቀረውን ብረት መለካት። ከዚህ በኋላ ያለው ይከብዳል። የጠገበ ዜኦላይት በጨው ውሃ ታጥቦ ደግሞ ሊሠራ ይችላል፤ ብረቱ ግን ወደ እጣቢው ይሻገራል፣ እሱም እንደገና መታከም አለበት። የአወጋገዱን ወጪ ያላሰላ ጥናት ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ገና ያላለቀ ጥናት ነው።