«ተስቁጥ በስ»፦ ሱዳናውያን ስለ አል-በሽር ምን ይሉ ነበር?

ዑመር አል-በሽር ሱዳንን ለ30 ዓመት ያህል ገዙ። ጁን 30 ቀን 1989 በመፈንቅለ መንግሥት መጡ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2019 ወረዱ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ «ዳቦ ተወደደና ሕዝቡ ወጣ» ተብሎ ያልቃል። ይሄ ሱዳናውያንን ማሳነስ ነው። ዳቦው እሳቱን ለኮሰው እንጂ ማገዶው ለዓመታት ሲከመር ነበር።

እሳቱ የተነሣው አትባራ ላይ ነው። ከኛ ተራሮች የሚወርደው የአትባራ ወንዝ ተከዜን ይዞ ዓባይን የሚያገኘው እዚያች ከተማ አጠገብ ነው። አትባራ የባቡር ሠራተኞች ከተማ ናት። የሱዳን የሠራተኛ ማኅበራት ያደጉት እዚያ ነው። ሱዳኖች «የብረትና የእሳት ከተማ» ይሏታል። ዲሴምበር 19 ቀን 2018 የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ወደ 3 ፓውንድ መውጣቱ ያስቆጣቸው ተማሪዎች መንገድ ላይ ወጡ። ትልልቆቹም ተከተሉ። በዚያው ቀን የገዢው ብሔራዊ ኮንግረስ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተቃጠለ። የተቃጠለው የፓርቲው ቢሮ መሆኑን ልብ ይሏል። ሰዉ የዳቦውን ዋጋ ማን እንዳስወደደው አውቆ ነው የሄደው።

ማገዶውስ ምን ነበር? ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትገነጠል ሱዳን ከነዳጇ ወደ ሦስት አራተኛው የሚሆነውን አጣች። ከዚያ በኋላ ኢኮኖሚው አላገገመም። በ2018 ሰው ባንክ ያስቀመጠውን የገዛ ገንዘቡን ማውጣት ተቸገረ። ለጥሬ ገንዘብ ሰልፍ፣ ለቤንዚን ሰልፍ፣ ለዳቦ ሰልፍ። በሴፕቴምበር 2013 የነዳጅ ድጎማ ሲነሣ የወጡ ሰልፈኞች በጥይት ተመትተው ነበር፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። የሟቾቹ ሰፈርና ቤተሰብ ያንን አልረሱም። በምዕራብ ሱዳን በዳርፉር በተፈጸመው ግፍ ደግሞ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2009 በአል-በሽር ላይ የእስር ማዘዣ አውጥቷል።

የሐኪሞች፣ የመምህራን፣ የጠበቆችና የጋዜጠኞች ስብስብ የሆነው የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበር ታሪክ የሕዝቡን አመለካከት ጉዞ በደንብ ያሳያል። ማኅበሩ ዲሴምበር 25 ሊወጣ አቅዶ የነበረው ዝቅተኛው ደመወዝ ይሻሻል ብሎ ለመጠየቅ ነበር። አትባራ ስትነሣ ግን ጥያቄው ጠበበበት። ሰልፉ ፕሬዝዳንቱ ይውረዱ ወደሚል ተቀየረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የደመወዝ ጥያቄ የሥልጣን ጥያቄ ሆነ።

መፈክሩም አጠረ። «ተስቁጥ በስ።» ዓረብ አገር የቆየ ሰው «በስ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። በቃ ማለት ናት። «ውደቅ፣ በቃ» እንደማለት ነው። ማሻሻያ አንፈልግም፣ ድርድር አንፈልግም፣ አዲስ ካቢኔም አንፈልግም የሚለው ሁሉ በሁለት ቃል አለቀ። ከሱ ቀጥሎ «ነፃነት፣ ሰላም፣ ፍትሕ» የሚለው ይሰማ ነበር። ሦስተኛዋ መፈክር «መደኒያ» ናት፤ የሲቪል መንግሥት ማለት ነው። ከኋላ ብዙ ጣጣ ያመጣችው ይህች ሦስተኛዋ ናት።

ሁሉም ሱዳናዊ በአንድ ድምፅ ተናገረ ማለት ግን አይቻልም። አል-በሽርም ሰው ነበራቸው። ጃንዋሪ 9 ቀን 2019 ካርቱም አረንጓዴው አደባባይ ላይ ደጋፊዎቻቸውን ሰብስበው ዱላቸውን እያወዛወዙ ጨፍረዋል። የፓርቲው አባላት፣ ከመንግሥት ጋር የሚነግዱ ሰዎች፣ የእስላማዊው ንቅናቄ ሰዎች ከሳቸው ጋር ነበሩ። እነዚህን ሕዝቡ «ኪዛን» ይላቸዋል። ቃሉ የውኃ መጠጫ ኩባያዎች ማለት ነው፤ በሱዳን ግን ስድብ ከሆነ ቆይቷል። ከነሱ ሌላ ደግሞ ዝም ያለ ሕዝብ ነበር። አል-በሽርን አይወድም፣ ግን ይፈራል። «እንደ ሶሪያ እንሆናለን፣ እንደ ሊቢያ እንበታተናለን» ይላል። መንግሥትም ይህን ፍርሃት እያነሣ ያስፈራራ ነበር። እነዚህን ሰዎች ፈሪ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ለኔ ግን ሥጋታቸው መሠረት ነበረው።

ፍርሃት ባለበት አገር የሕዝብ አስተያየት በመጠይቅ ብቻ አይታወቅም። ለማያውቀው ጠያቂ በሩ ላይ ቆሞ «መንግሥትን እጠላለሁ» የሚል ስንት ሰው ይኖራል? ስለዚህ ሌላ ምልክት ማየት ያስፈልጋል። በሱዳን አንዱ ምልክት እልልታ ነበር። ሰልፉ የሚጀመረው ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ላይ ነው። ሰዉ ተበታትኖ ገበያ የሚገዛ መስሎ ይቆማል። ከዚያ አንዲት ሴት እልል ትላለች። ያኔ መንገዱ በሰው ይሞላል።

የሴቶቹ ብዛት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የአገዛዙ «የሕዝብ ሥርዓት ሕግ» ሱሪ ለበስሽ፣ ፀጉርሽ ታየ ብሎ ሴት የሚያስገርፍ ነበር። መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡት ሴቶችም በየጊዜው ዕቃቸው ይወሰድባቸው ነበር። ከነዚህ ሻይ ሻጮች መካከል የኛ አገር ልጆችም ብዙ ነበሩ፤ ካርቱም የኖረ ሀበሻ ይህን ሳይነግሩት ያውቃል። ሱዳናውያት ቀድሞ ስለ ትዳርና ስለ ወንድ ያወሩባቸው በነበሩ የፌስቡክ ቡድኖች ሰልፈኛ የሚደበድቡ የደኅንነት ሰዎችን ፎቶ እየለጠፉ ማንነታቸውን ያጋልጡ ጀመር። በኤፕሪል ደግሞ መኪና ጣሪያ ላይ ቆማ፣ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች ልብስ ነጩን ለብሳ የምታዘምረው የአላ ሳላህ ፎቶ ዓለምን ዞረ። ሰዉ ሰልፈኛ ሴቶችን «ከንዳካ» አላቸው። በጥንቱ የኩሽ መንግሥት የንግሥቶች መጠሪያ ነው፤ እኛ ህንደኬ የምንለው።

ከሁሉ የሚገርመኝ በዳርፉር ላይ የተለወጠው አመለካከት ነው። ለዓመታት የመሀል አገሩ ሰው የዳርፉርን ሰቆቃ እንደ ሩቅ ወሬ ይሰማ ነበር። ዐመፁ ሲነሣ መንግሥት የዳርፉር ተማሪዎችን ያዘና «ሁከቱን የሚመሩት የእስራኤል ሰላዮች ያሠለጠኗቸው አማፂዎች ናቸው» አለ። የካርቱም ሰልፈኛ «አንተ ዘረኛ፣ ትዕቢተኛ፣ አገሩ ሁሉ ዳርፉር ነው» ብሎ መለሰ። መንግሥት ሕዝቡን በዘር ሊከፍል የወረወረው ነገር ራሱን መታው።

ኤፕሪል 6 ሰልፈኛው የጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ደጃፍ ደረሰና እዚያው ተቀመጠ። ቀኑ በ1985 ፕሬዝዳንት ኒሜሪ የወደቁበት ነው፤ ሱዳናውያን ከዚያ በፊት በኦክቶበር 1964ም የጄኔራል አቡድን መንግሥት አውርደዋል። ስለዚህ «ወታደሩ ከሕዝቡ ጎን ይቆማል» የሚል ተስፋ በትዝታ ውስጥ ነበር። የደኅንነት ኃይሎች ሲተኩሱ አንዳንድ የበታች መኮንኖችና ወታደሮች ሰልፈኛውን ተከላከሉ። በመቀመጫው ሜዳ ገንዘብ ተቀምጦ «ያለህ ጣል፣ የሌለህ ውሰድ» ይባል ነበር። ከአትባራም ሰው ጣሪያው ላይ የጫነ ባቡር መጣ።

ኤፕሪል 11 የመከላከያ ሚኒስትሩ አወድ ኢብን ዐውፍ በቴሌቪዥን ቀርበው አል-በሽር መታሰራቸውን ተናገሩ። ሕዝቡ ግን ወደ ቤቱ አልገባም። ኢብን ዐውፍም በማግሥቱ ወረዱ። ጄኔራል አብዱልፈታህ አል-ቡርሃን ተተኩ። «ይውረዱ» ላይ የተስማማው ሕዝብ «ከዚያስ?» የሚለው ላይ የተከፋፈለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ከጦሩ ጋር ሥልጣን እንካፈል፣ ደም ይብቃ ይላል። ሌላው ወታደር ከነጭራሹ ይውጣ ይላል። ከመደበኛው ጦር ሌላ የሆነው ታጣቂ ቡድን፣ የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ፣ አዛዥ ሄሜቲም አንዳንዱ የዳርፉር ገዳይ፣ አንዳንዱ አል-በሽርን የከዳ ባለውለታ አድርጎ ያያቸው ነበር።

ጁን 3፣ ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ የተቀመጠው ሕዝብ በጥይት ተበተነ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ከዓባይ ሬሳ ወጣ። ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ጦሩን ማመን ለብዙ ወጣት የሞተ ነገር ሆነ። ግን ጁን 30 ኢንተርኔት ሳይኖር፣ ከቤት ቤት በተላለፈ መልእክት፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ እንደገና ወጣ።

የኢትዮጵያ እጅ የገባው በዚህ መሀል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጁን 7 ካርቱም ሄዱ፣ አምባሳደር ማሕሙድ ድሪርም ከአፍሪካ ኅብረቱ ልዑክ ጋር አደራደሩ። ኦገስት 17 ቀን 2019 ሕገ መንግሥታዊ ሰነዱ ተፈረመ። አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሠሩት አብደላ ሐምዶክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ካርቱም ጨፈረ። የልጆቻቸው ገዳዮች ያልተጠየቁላቸው እናቶች ግን አልጨፈሩም።

የቀረው ያሳዝናል። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 ጦሩ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ቡርሃንና ሄሜቲ ጦርነት ጀመሩ። በመተማ በኩል ሱዳናውያን ወደኛ ገቡ፣ ካርቱም የከረሙ ሀበሾችም አብረው ተመለሱ። አሁን «አል-በሽር ይሻሉን ነበር» የሚል ድምፅ አንዳንዴ ይሰማል። ልጁን የቀበረ ሰው ቢለው አልፈርድበትም። ግን የፈጥኖ ደራሹን ኃይል ያቋቋሙት አል-በሽር ራሳቸው ናቸው። ጠመንጃውን ለሰልፈኛው ወጣት የሰጠው ማንም የለም።

ያ ወጣት ያኔ በየሰፈሩ «የተቃውሞ ኮሚቴ» አቋቁሞ ጎማ ያቃጥል፣ ሰልፍ ይጠራ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ብዙዎቹ ኮሚቴዎች ወደ «የድንገተኛ ጊዜ ክፍሎች» ተቀየሩ። በካርቱም፣ በኦምዱርማንና በዳርፉር ከተሞች ባለ ብዙ ድስት የሰፈር ወጥ ቤት ከፍተው ባቄላና ምስር እየቀቀሉ መውጫ ያጣውን ጎረቤት ሲያበሉ ቆይተዋል።